ምንም የማትረሳዋ ልጅ እንድትታመን

እኅቴ፣ በልቦለድሽ ውስጥ ያለችው የሐይቋ ልጅ አንድ ጊዜ የሰማችውን ቃል ዕድሜ ልኳን አትረሳም፤ ረቂቅሽን ያነበቡ ጓደኞችሽ ግን «ይህማ ተረት ነው» አሉሽ። ችሎታዋን ልቀንሰው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትቀንሺው! ደሴ ውስጥ በንባብ ማኅበራችን የጀማሪ ደራሲዎችን ረቂቅ ለዓመታት ሳነብ እንዳየሁት፣ አንባቢ የሚሸሸው ችሎታው ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲኖር ነው።

ለወሎ ሰው ማስታወስ ብርቅ አይደለም። የቁርኣንን 114 ምዕራፎች የሸመደደ ሐፊዝና 150ውን መዝሙረ ዳዊት በቃሉ የሚደግም ደብተራ በአንድ ቀበሌ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። እነሱን የምናምናቸው ደረሳው ሌሊት ሲቀራ፣ የቆሎ ተማሪው በብርድ ሲቀጽል ስለሰማን ነው። ልጅሽ ያለ ልፋት ከተሰጣት ዋጋውን በሌላ በኩል ትክፈል። እስቲ አስቢው፤ ምንም የማይረሳ ጎረቤት ቢኖርሽ ምን ታደርጊያለሽ? አበዳሪ ለምስክርነት ይፈልጋታል፤ ተበዳሪ መንገድ ይቀይርባታል። ሽማግሌዎች እርቅ ሲያወርዱ «ያለፈው ይረሳ» ይላሉ፤ እሷ እንዴት አድርጋ ትርሳ? በታረቁት መካከል መቀመጧ ራሱ ቁስል ይነካል። የልቦለድሽ እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ አንቺ ግን በሁለት መስመር አልፈሽዋል።

አጼ ቴዎድሮስን አንድ ደራሲ ፈጥሮ ቢያመጣልን «አበዛኸው» እንለው ነበር። ሴባስቶፖል ግን አለ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ መንገድ እየተጠረገለት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ጉዞው ወራት ፈጅቷል። የንጉሡን እልህ የምንለካው በጎታቾቹ ትከሻ ነው። የአንቺም ልጅ እንዲህ የምትለካበት የሌላ ሰው ትከሻ ያስፈልጋታል።

ችሎታዋን መጀመሪያ በትንሽ ነገር አሳዪን። ሰኞ ባቲ ገበያ ውሰጃት። ፍየል ሻጩ «አምናም በዚሁ ዋጋ ነው የሸጥኩት» ሲል፣ አምና የጠራውን ዋጋ፣ የማለበትንም ወሊይ ስም ሳይቀር ትንገረው። ብር የሚቆጥርበት እጁ ቀጥ ይበል፤ አጠገቡ ያለችው ጨው ሻጭ ሚዛኗን ወደ ራሷ ትሳብ። ይህን ያመነ አንባቢ፣ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ወንድሟን በትዝታዋ ከእስር ስታስፈታው ያለ ክርክር ይከተልሻል።

እናቷ በእርግዝናዋ ጊዜ ያየችውን ሕልም ግን አውጪው። ደራሲው ምክንያት በሰጠ ቁጥር አንባቢ ምክንያቱን መመርመር ይጀምራል። ይልቅ ሰፈሩ የራሱን ያውራ፤ አንዱ ዛር ነው ይበል፣ አንዱ የሼሁ ዱዓ፣ አንዱ የታቦቱ ስጦታ። አንቺ የትኛውንም አታጽድቂ። የእርቁን ትዕይንት አስፍተሽ ስትጽፊው ግን መጀመሪያ ለእኛ አስነብቢን፤ ያቺ ልጅ እዚያ መካከል ተቀምጣ ምን እንደምትል ለማወቅ በጣም ጓጉቻለሁ።