ስታርት፣ ቢጊን ወይስ ኮሜንስ?

እህቴ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ላለ መሥሪያ ቤት በምታስገቢው የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ላይ «ሥራ ጀመርኩ» የሚለውን በስታርት፣ በቢጊን ወይስ በኮሜንስ ልጻፈው ብለሻል። ስታርት አድርጊው። «አይ ስታርትድ ወርክ አዝ አን አካውንታንት ኢን 2019» ይበቃል። ቢጊንም ስህተት አይደለም። ኮሜንስን ግን ተዪው።

ስታርትና ቢጊን አብዛኛውን ጊዜ ይተካካሉ። ስብሰባም፣ ትምህርትም፣ ዝናብም በሁለቱም ይጀመራል፤ ቢጊን ትንሽ የጽሑፍ ቃና አለው እንጂ። የማይተካኩበትን ቦታ ለመለየት የራሳችን ቋንቋ ይረዳሻል፦ በአማርኛ መጀመርን «ተነሳ» ወይም «አስነሳ» የምትዪበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የስታርት ነው። ለገሃር ላይ ሚኒባሱ አልነሳ ካለ «ዘ ሚኒባስ ዎንት ስታርት» ይባላል፤ በዚህ ቦታ ቢጊን ፈጽሞ አይገባም። እሳት ማስነሳትም፣ በጠዋት ለመንገድ መነሳትም እንደዚሁ ነው። ድርጅት ማቋቋምን ጨምሪበት፦ «ስታርት ኤ ቢዝነስ»።

ኮሜንስ የውልና የፍርድ ቤት ቃል ነው። የቤት ኪራይ ውል ከዚህ ቀን ጀምሮ ይጸናል ሲባል ያምራል፤ ስለ ራስ ሲጻፍበት ግን መኮፈስ ይመስላል። ደግሞም ከኋላው «ቱ» ማስከተል አይወድም።

ከቃል ምርጫው ይልቅ ማመልከቻ የሚያበላሸው ቅርጹ ነው። ቢጊን ሲያልፍ ቢጋን፣ ከሃቭ ጋር ሲሆን ቢገን ይሆናል፤ «ሃቭ ቢጋን» የሚለው ስህተት በየማመልከቻው ሞልቷል። ስታርት በሁለቱም ቦታ ስታርትድ ስለሆነ አያሳስትም። ከሁለቱም በኋላ «ቱ»ም «ኢንግ»ም ይገባል፤ ራሱ ግሱ ኢንግ ከያዘ ግን «ቱ» ይሻላል፦ «ኢት ኢዝ ስታርቲንግ ቱ ሬይን»።

አደራ የምልሽ «ከ…ጀምሮ» የሚለውን ነው። ቃል በቃል ስንወስደው «አይ አም ወርኪንግ ሂር ስታርቲንግ ፍሮም 2019» እንላለን፤ ይህ እንግሊዝኛ አይደለም። አሁንም እዚያው የምትሠሪ ከሆነ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2019» በዪ። ለቀሽ ከሆነ ሲንስም አይሠራም፤ «አይ ወርክድ ዜር ፍሮም 2019 ቱ 2022» ነው የሚባለው። «ስታርቲንግ ፍሮም መንደይ» ግን ገና ለሚመጣው ሰኞ ትክክል ነው።

ዓመቱንም ወደ ፈረንጅ ቀይሪው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምሪያለሽ፦ መስከረም 15 ቀን 2012 ሴፕቴምበር 2019 ሲሆን፣ የዚያው ዓመት የካቲት ግን 2020 ውስጥ ይገባል።