የአይፒ አድራሻ የቤትህን በር አያሳይም

ከደሴ የጠየቅከን ወንድሜ፣ በኢንተርኔት የተጣላህ ሰው «የአይፒ አድራሻህን ይዣለሁ፤ ቤትህን አውቀዋለሁ» ብሎ መዛቱን አንብቤ አዘንኩ። አብሽር! የአይፒ አድራሻ ኢንተርኔት ስትጠቀም ግንኙነትህ የሚለይበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስምህንም ሆነ ስልክህን፣ አራዳ ሰፈር ትኑር ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አይናገርም። የሚጠቁመው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪህንና ግምታዊ አካባቢህን ነው፤ እሱም ቢሆን ደሴ ተቀምጠህ አዲስ አበባ ሊል ይችላል። በሞባይል ዳታ ደግሞ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ። በየትኛው ሰዓት ማን እንደተጠቀመበት መዝገቡ ያለው አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ራስህ የለጠፍከው ነው፦ ጦሳ ተራራ ከጀርባህ እየታየ ከደጃፍህ የተነሳኸው ፎቶ፣ በቴሌግራም ለሁሉም ክፍት የተተወ ስልክ ቁጥር። እነዚህን ዛሬውኑ ዝጋቸው። የዛቻውን መልእክት ግን እንዳታጠፋው፤ ለፖሊስ የምታሳየው ማስረጃ እሱ ነው።