ለኋላ ጎማ ዳዶ ኢምፓክት ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጅማ ነኝ፣ ቦክሰር ሞተር አለኝ፣ የኋላ ጎማው ዳዶና የፍሪሲዮኑ (የክላቹ) ዳዶ አልፈታ ብለውኛል፣ «1200 ኒውተን ሜትር» የሚል የባትሪ ኢምፓክት (ዳዶ እየመታ የሚፈታ ማሽን) በ8,000 ብር አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይ ብለሃል። አትግዛው። እኔ ገዝቼዋለሁ። ያንተው ከተማ፣ ያንተው ሞተር፣ ምናልባትም ያው ሳጥን ነው። ጊዜ ካለህ አንብበው፣ ትንሽ ይረዝማል።

1. ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር እርሳው። ኒውተን ሜትር የማዞሪያ ጉልበት መለኪያ ነው። የእኛን የመሰለ ትንሽ ሞተር የኋላ ጎማ ዳዶ ሲገጠም ከ100 ኒውተን ሜትር በታች ነው የሚጠብቀው። ዝገት ይዞት፣ የጅማ ክረምት ጭቃ ገብቶበት፣ ከዚያ በፊት የነበረው መካኒክ ደግሞ ቧንቧ ሰክቶ አክርሮት፣ ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈልጋል እንበል። እውነተኛ 300 ከበቂ በላይ ነው። እውነተኛ 1200 ቢሆን ኖሮ እኮ የሲኖትራክ ጎማ እየፈታ ይውል ነበር!

የእኔ ባትሪ ላይ ደግሞ 388 የሚል ተለጥፎበት ነበር፤ ከጎኑ «ቪኤፍ» ይላል። ቮልት መስሎኝ ኮራሁ። በኋላ ተናድጄ ስከፍተው ውስጡ አምስት ትንንሽ ባትሪዎች ናቸው፤ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመታቸው 65። እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት ናቸው፣ ሲሞሉ 4.2። አምስቱን ደምራቸው፤ 18፣ ሞልቶ 21። 388 ቢሆን ኖሮ እዚያው ስነካካው ቀርቼ ይህን አልጽፍልህም ነበር። እና ሻጩን የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባትሪው ውስጥ አምስት ነው ያለው ወይስ አስር?» አስር ከሆነ በሁለት ረድፍ ነው፣ ጉልበት ሲጠየቅ ቶሎ አይደክምም። ካላወቀ በእጅህ መዝነው። ቀላል ከሆነ አስቀምጠህ ውጣ።

2. ቡሶላው፣ ዳዶው ላይ የሚሰካው ማለቴ ነው፣ ጥቁር ይሁን። የሚያብረቀርቀው ለእጅ ነው። ኢምፓክት ዝም ብሎ አያዞርም፤ ውስጡ ያለው መዶሻ እየመታ ነው የሚያዞረው። ለዚያ ነው እጅህን የማይጠመዝዘው። የሚያብረቀርቀው ቡሶላ ጠንካራ ነው ግን ይሰበራል፤ ጥቁሩ ወፍራም ነው፣ ምቱን ይችላል። የእኔ 19 ቡሶላ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቁራጩ ጉንጬን አልፎኝ ግድግዳ መታ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር ስፈታ መነጽር አድርገሃል ወይ ብላ ነው የምትጠይቀኝ። ልክ ናት።

ባለ ስድስት ጎኑን ያዝ፤ ባለ አስራ ሁለቱ ያረጀ ዳዶ ይልጣል።

3. እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ እንደሆነው ላውራልህ።

ሥራዬ ቡና ማሰባሰብ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አጋሮ፣ ጎማ ወረዳ፣ አንዳንዴ ሊሙ ነኝ። (ጎማ ወረዳ ላይ ጎማ ሲተነፍስብህ ሰው ሁሉ ይስቅብሃል፤ ለምጄዋለሁ።) ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ዳዶ አልፈታ ብሎኝ ሞተሬን በአይሱዙ ጭኜ ተመለስኩ። ጎሚስታ ቤት ስወስደው «እኛ የመኪና ነው የምንሠራው» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ፤ የአየር ኢምፓክቱ እጁ ላይ ነው እኮ፣ አምስት ሰከንድ አይፈጅበትም። እልህ ያዘኝ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴን ልኬ አስገዛሁት፣ በአውቶቡስ መጣልኝ፣ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እንደ ሙሽራ ተቀበልኩት።

የኋላውን ዳዶ ያዝኩ። ታታታታ አለ። ዳዶው ንቅንቅ የለም። ባትሪውን ሞላሁ፣ ደገምኩ። ያው ነው። በስንት ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ።

እንግዲህ አስተሳሰቤን ተመልከት። «ይኼማ ደካማ ነው፣ ለትልቁ ካልሆነ ለትንንሾቹ ልጠቀምበት» አልኩ። ፍሪሲዮኑን ለማየት የሞተሩን የጎን ክዳን መክፈት ነበረብኝ፤ በ10 ቁልፍ የሚፈቱት ቀጫጭን ቡሎኖች ማለት ነው። እነሱ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚጠብቁት። በጣት ጉልበት ማለት ይቻላል። ለትልቁ ደካማ የሆነው ዕቃ ለእነዚህ ግን በሬ ነው። ስድስቱን ምንም ሳይል ፈታልኝ፣ ደስ አለኝ። ሰባተኛው ላይ «ቀጭ» አለ። ጭንቅላቱ ቡሶላው ውስጥ ቀረ፣ እግሩ አሉሚኒየሙ ውስጥ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ አይደል? አላቆምኩም። ስምንተኛውንም ሰበርኩት።

ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሳያማክረኝ በድሪል ገባበት፤ ብረቱ ጠንካራ አሉሚኒየሙ ለስላሳ ነው፣ ድሪሉ ሸሸና ቀዳዳው ጎን በላ። ስጮህበት «ቡሎኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላ ቦታ ተበይዶ፣ እንደገና ተበስቶ፣ አዲስ ጥርስ ወጥቶለት፣ ማሸጊያው ጋርኒሲዮን ተቀይሮ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ኅዳር ላይ! ለቡና ሰብሳቢ የኅዳር ሦስት ሳምንት ምን እንደሆነ እዚህ ያደገ ሰው አይጠፋውም። የወጣው ብር የኢምፓክቱን እጥፍ ነው፣ ያመለጠኝን ሥራ ሳልቆጥር።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ደረሰኝ መቼ ሰጠኸኝ ስለው «ያለ ቫት ነው የገዛኸው» ብሎ ዘጋው። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ሄድኩ። ግማሽ ቀን አስቀመጠኝ፣ ከስልኩ ቀና አላለም፣ በመጨረሻ «አጠቃቀም አትችልም» አለኝ። አጠቃቀም እንዳልቻልኩማ አውቃለሁ! ግን 1200 ብሎ የጻፈው እኔ ነኝ? ስለዚህ በሰው አታስገዛ። ራስህ ቁም፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመ መኪና ካለ ዳዶውን አስፈትነው፣ ደረሰኝ ተቀበል። አሳይ ስትለው ካመነታ መልሱን አገኘህ።

አሁን የምጠቀምበት ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚሉት ነው። ጫፉ ግማሽ ኢንች ካሬ፣ ጉልበቱ 300 አካባቢ፣ ባትሪው ባለ አስር። ያገለገለ ነው፣ ከሚያውቀኝ ሰው ገዛሁት። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ ጫፉ ካሬ ሳይሆን ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ ከሆነ እሱ የቪቴ ነው፣ ሻጮች አንድ ነው ይሉሃል፣ አንድ አይደለም። ግድግዳ የሚበሳውን ድሪልም ኢምፓክት ብለው ያወጡልሃል፤ እሱ ወደ ፊት ነው የሚመታው፣ ዳዶ አይፈታም። ሦስት ሰከንድ፣ አምስት ሰከንድ እያልኩ እመታለሁ። አስር ሰከንድ ደርሶ ካልተነቃነቀ አቆማለሁ፣ ደብልዩ ዲ 40 ነፍቼ አሳድረዋለሁ። ናፍጣም አይከፋም፣ የፍሬን ሸራ ላይ እንዳይፈስብህ እንጂ። ጠዋት ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል።

ለማጥበቅ ግን በጭራሽ አልጠቀምበትም። ዳዶውን በእጄ አስይዤ በቁልፍ ነው የምጨርሰው። አሁን የሰፈሬ ባለ ሞተሮች በሙሉ እኔ ጋ ነው የሚመጡት፣ ያ ፊቱን ያዞረብኝ ጎሚስታ እንኳ የወንድሙን ሞተር ልኮልኛል። ፈታሁለት። ሂሳብ አልተቀበልኩም፣ ሆን ብዬ።

የፍሪሲዮንህን ዳዶ በተመለከተ ግን ኢምፓክቱን ከማንሳትህ በፊት ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮ እየው። ጠርዙ ወደ ዳዶው ታጥፎ ከሆነ መጀመሪያ አቅናው፤ ሳታቀናው ብትመታው ዳዶውንም ቆርቆሮውንም ትበላለህ። ዳዶው ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጥርስ ካለው ደግሞ የራሱ ቡሶላ አለው። ብዙ መካኒክ በመሮና በመዶሻ ነው የሚያዞረው፣ ያንተም እንደዚያ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው ኢምፓክት ዋጋው የሚታየው፤ የፍሪሲዮኑን ቤት የሚይዝልህ ሰው አያስፈልግህም፣ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ቤቱ አብሮ ሳይዞር ይለቅልሃል።

የኋላውን ዳዶ ዛሬ ማታ ዘይት ነፍተህ አሳድረው። የፍሪሲዮኑን ክዳን በእጅ ቁልፍ፣ ቡሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላላህ ክፈተው፤ እባክህ በእጅ። ከዚያ የዳዶውን ፎቶ ላክልኝ። ባለ ጥርሱ ከሆነ ቡሶላው አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ጅማ ቆጪ ሰፈር ነኝ፣ ኢምፓክቱንም ይዤልህ እመጣለሁ። ሳትገዛ ቆየኝ።