እናት አልጋው አጠገብ መኖሯ ብቻ ቤተሰብ ተኮር እንክብካቤ አይባልም

እህቴ፣ «ቤተሰብ ተኮር እንክብካቤ ማለት ወላጅ ከታመመ ልጁ ጋር እንዲያድር መፍቀድ ነው? እኛ አገር እኮ ድሮም እናት ከልጇ አትለይም» ብለሽ ጠይቀሻል። ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ስለሆንኩ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ማደሩ መነሻ ነው። ሐሳቡ ከማደር ጋር የተያያዘው ከታሪኩ የተነሳ ነው። እንግሊዝ አገር አንዳንድ ሆስፒታሎች ወላጅን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያስገቡበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሆስፒታል ስለሚተኙ ሕፃናት ደኅንነት የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጠይቁ፣ እናቶችም አብረው እንዲያድሩ መከረ። እንግሊዞቹ የታገሉት በሩን ለማስከፈት ነው።

የእኛ ችግር ሌላ ነው። እናትየዋ ውስጥ ናት። ልጇን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ የታዘዘው መድኃኒት ከጠፋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ትዞራለች። ራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች አልጋ ላልጋ እየዞሩ ሕመምተኞችን የሚያዩበት ሰዓት፣ ሲጀመር ግን «አስታማሚዎች ውጡ!» ይባላል። ስለ ልጇ ሲወራ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ይሄ በጉልበቷ መጠቀም ነው። የሌላው ልጅ ምስጢር እንዳይሰማ ከሆነም፣ ሐኪሞቹ አልጋው ጋ ሲደርሱ የልጁን እናት መጥራት ይቻላል።

እኔ የምገልጸው እንዲህ ነው፦ የልጁን እንክብካቤ ቤተሰቡን ይዞ ማቀድ፣ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር፣ የሚሉትን መስማት፣ አብሮ መወሰን። ወላጆቹ ራሳቸውም እንክብካቤ ይፈልጋሉ። ምግብ ሳትቀምስ የዋለች እናት ጡቷን እንዴት ታጠባ?

ለምሳሌ አይቪ (በደም ሥር መድኃኒት ወይም ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) ስንከፍት ልጁን አልጋ ላይ ለሦስት ከመጫን፣ እናቱ ጭን ላይ ደረቷን ተደግፎ ቢቀመጥ ይሻላል። እሷ አቅፋ ትይዘዋለች፣ አንቺ እጁን ብቻ ትይዣለሽ። አስቀድመሽ ግን ንገሪያትና ጠይቂያት። «አላየውም፣ አልችልም» ካለች አትገደድም። አባት ወይም አክስት ይያዘው።

«ዛሬ አተነፋፈሱ ደስ አላለኝም» ስትልሽ ደግሞ «አይዞሽ» ብለሽ አትለፊያት። ሰዓትሽን ይዘሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ ያለችውንም ቻርቱ ላይ ጻፊው። ልጁን ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ሕፃናት ያለጊዜያቸው ሲወለዱ ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ ሕክምና ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ጨቅላዎችን ተከታትሎ ነበር። እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ወዲያው የካንጋሮ እንክብካቤ (ጨቅላውን እናት ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማቀፍ) ከተጀመረላቸው መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ናቸው፤ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት 15.7 በመቶ። ለዚህ ሲባል እናቶቹ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክፍል ውስጥ አልጋ ተሰጥቷቸው አብረው ተኙ።

«ቤተሰብ» ሲባል ደግሞ እናትና አባት ብቻ አድርገሽ አትያዢው። እናቱ ቤይሩት እየሠራች አያቱ የምታሳድገው ልጅ ይመጣል። እዚያ ላይ ቤተሰቡ አያትየዋ ናት፣ ቪዲዮ ላይ የምትደውለው እናትም ናት። ስለዚህ ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ «ቤት ውስጥ የሚወስነው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ስለ መድኃኒቱና ስለ ቀጠሮው ምክር ስትሰጪ ያ ሰው መኖሩን አረጋግጪ፤ ሩቅ ከሆነም ስልኩን ላውድ ላይ አድርገሽ አስረጂው።