ፎቅ ላይ ያለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲያፈስ ውሃው በየት ይውጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም የዝግጅት ክፍሎች እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ቤታችን ጂ+1 ነው፣ ታች ተከራይ አለ እኛ ላይ ነን፣ ማሽኑ ኮሪደር ላይ ነው ያለው። ባለፈው አፍስሶ የተከራዮቹን ጣራ አበላሸብን። አሁን ከስሩ የላሜራ ትሪ ላሰራ ነው፣ ግን ትሪው ላይ የሚጠራቀመው ውሃ በየት ይውጣ? ቧንቧ ሰራተኛው ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር ላገናኘው ይላል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው። ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር ግን እንዳታስገናኚው! ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ የታጠፈ ቱቦ) ከሌለው ሽታው በትሪው በኩል ቤት ይገባል፣ ሲፎን ቢገባለትም ትሪው ላይ ውሃ የሚፈሰው ስንት ጊዜ አንዴ ስለሆነ ሲፎኑ ይደርቅና ያው ሽታው ይመጣል፣ መስመሩ የተደፈነ ቀን ደግሞ ቆሻሻው ወደ ትሪው ነው የሚመለሰው።

እኔ የምመርጥልሽ በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ነው። ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) አታስበሺ፣ ውስጡ ያለው ፌሮ ብረት ሊቆረጥ ይችላል። ትሪው በጎኑ ከታች ቀዳዳ ይውጣለትና ቢያንስ 25 ሚሊሜትር፣ ከተገኘ 32 ፒቪሲ ይገጠምለት፣ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር እያዘቀዘቀ ይሂድ፣ ለዚህ ደግሞ ማሽኑ ከፍ ማለት ስላለበት ከትሪው ስር ትንሽ የሲሚንቶ መደብ አሰሪ። ጫፉ የግድ ሰው የሚያየው ቦታ ይውጣ፣ ሲንጠባጠብ ስታዪ ማሽኑ እያፈሰሰ እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ። ወንፊት ይደረግበት፣ ውሃውም ቤቱ መሰረት ስር ወይ ቁልቁል ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ ወደ ዲች ይመራ።

የውጭ ግድግዳው ሩቅ ከሆነና ሻወሩ ከቀረበ ቱቦው ከሻወሩ ፍሎር ድሬን (የወለል ውሃ መውረጃ) በላይ ክፍት ሆኖ ይፍሰስ፣ እዚያ በየጊዜው ስለምትታጠቡ ሲፎኑ አይደርቅም። ሁለቱም ካልሆነ ውሃ ሲነካው የሚጮህ አላርም ትሪው ውስጥ አስቀምጪ፣ ግን 70 በ70 የሆነ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ትሪ ሲሞላ የሚይዘው 24 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ ትሪ የሚያድነው ከቀስታ መንጠባጠብ ነው። ፍሌክሲብሉ (ውሃ ወደ ማሽኑ የሚያስገባው ቱቦ) ከፈነዳ፣ ጣራ ላይ ለምሳሌ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ካላችሁ እሱ እስኪያልቅ ድረስ ይወርዳል፣ ያን የትኛውም ትሪ አይችለውም። ስለዚህ የዚህ ቱቦ መዝጊያ ቫልቭ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ አጥባችሁ ስትጨርሱ ሁሌ ዝጉት፣ በተለይ ውሃ ሄዶ ሌሊት በሃይል ሲመጣ ነው ጣጣው። ፍሌክሲብሉ የጎማ ከሆነም በብረት ሽቦ በተጠለፈው ቀይሪው። ማሽኑ ቆሻሻ ውሃ የሚተፋበት ቱቦም ከትሪው መስመር ጋር እንዳይገናኝ፣ ለብቻው መውጫ ይኑረውና እንዳይወልቅ በደንብ ይታሰር።

ለሰራተኛው ሂሳቡን ከመጨረስሽ በፊት፣ ማሽኑ ሳይቀመጥ፣ ትሪው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ እያልሽ አፍስሺበትና በሙሉ ውጭ መውጣቱን እዪ።