ኪፓዱ ሌሊቱን ሙሉ «ቲት ቲት» ሲል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ቤት ከገዛን ሦስት ወራችን ነው። በሩ አጠገብ ዲኤስሲ የሚል የአላርም ኪፓድ (ኮድ የሚነካበት የቁጥር ሰሌዳ) አለ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በየአሥር ሰከንዱ ቲት ቲት ይላል፤ ቢጫ መብራትም በርቷል። እናቴ እንቅልፍ አጥተዋል። ከሻጩ የተረከብነው አንድ ባለ አራት አሃዝ ኮድ ብቻ ነው። ነቅዬ ልጣለው?»

አይንቀሉት፣ እህቴ። ኪፓዱ መልእክተኛ ብቻ ነው። አእምሮው ምድር ቤት ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ኪፓዱን ቢነቅሉት ችግሩ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ለእናትዎ እንቅልፍ መጀመሪያ መሰላልን (#) ይጫኑ። ድምፁ ይቆማል። ቢጫው መብራት ግን አይጠፋም።

ከዚያ ኮከብ 2 (*2) ይጫኑ። አገር ቤት በ*805 ካርድ ሞልተው ከሆነ ይህም ያው ነው። ኪፓዱ ስክሪን ካለው ችግሩን በጽሑፍ ያሳያል፣ በቀስቶቹ ይለፉ። ስክሪን ከሌለው ቁጥሮቹ ይበራሉ። የምነግርዎ ቁጥር ፓወር ሲሪስ ለሚባለው የዲኤስሲ ሞዴል ነው፤ ማለትም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦርድ 1616፣ 1832 ወይም 1864 የሚል ከሆነ።

2 ከበራ ሳጥኑ ኤሌክትሪክ እየደረሰው አይደለም። 3 የስልክ መስመር የለም ማለት ነው። የቀድሞው ባለቤት መስመሩን ዘግተው ሄደው ይሆናል፤ ይህን ባለሙያ ያጠፋልዎታል። 1 ከበራ እንደገና 1 ይጫኑ፤ አሁንም 1 ካሳየ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ደክሟል።

ባትሪ ለመግዛት ግን አይሩጡ። እኔ ራሴ ተሸውጄ አውቃለሁ። አንድ ቤት አዲስ ባትሪ ገጥሜ ሄድኩ፣ በማግስቱ ተመልሰው ጠሩኝ። ለካስ ትራንስፎርመሩን፣ ማለትም ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለአላርሙ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን፣ ሰው ለቫኪዩም ብሎ ነቅሎት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወድቋል። ባትሪው የቤቱን አላርም ብቻውን ተሸክሞ ነበር ያለቀው። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬት ላይ የተሰካውን ጥቁር ወይም ነጭ ትንሽ ሳጥን ይፈልጉ፤ 16.5 ቮልት ይላል። ተነቅሎ ከሆነ ይሰኩትና አንድ ቀን ይጠብቁ። ባትሪው ሞልቶ ቢጫው መብራት ሊጠፋ ይችላል።

ተሰክቶ እያለ ባትሪው ከደከመ ይቀይሩት። ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሚል ይግዙ፤ አሮጌው ላይ የተጻፈውንም ያስተያዩ። ቀይ ሽቦ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር። ማዘዋወር ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። አላርሙን የሚከታተልዎ ድርጅት ካለ የብረት ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት ደውለው ይንገሯቸው፤ አለዚያ ፖሊስ በር ላይ ያገኛሉ።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ 8 ሊበራ ይችላል። ሰዓቱ ጠፍቶበት ነው። *6፣ ከዚያ ዋናውን ኮድ (ሌሎቹን ኮዶች የሚቀይረውን)፣ ከዚያ 1 ይጫኑ። ሰዓቱን በአራት አሃዝ፣ ቀኑን በስድስት ያስገቡ፣ ወር ቀድሞ ነው የሚጻፈው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይሳሳታል፦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት 0200 ሳይሆን 2000 ነው።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ያንን ኮድ ሻጩ ያውቁታል፣ ምናልባት ዘመዶቻቸውም፣ የጽዳት ሠራተኛቸውም። ዛሬውኑ ይቀይሩት። *5፣ አሁን ያለዎትን ዋና ኮድ፣ 40፣ ከዚያ አዲስ አራት አሃዝ፤ ሲጨርሱ መሰላል። ለእናትዎ የራሳቸውን ኮድ ከፈለጉ በ40 ፋንታ 01 ያስገቡ። *5 ኮድዎን አልቀበልም ካለ የተሰጠዎት ዋናው አይደለም፤ ያኔ ባለሙያ ይጥሩ። እስከዚያው *8ን አይንኩ፣ እሱ አላርሙን የሚገጥመው ባለሙያ ቤት ነው።