በሆዱ ውስጥ እንጨት የሚንከባለልበት ደብል ቤዝ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ነኝ። ከተበተነ የሙዚቃ ባንድ ያገለገለ ደብል ቤዝ (እንደ ቫዮሊን ያለ፣ በጣም ትልቅ ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ) በርካሽ ገዝቼ፣ የሚያድስልኝ ባለሙያ ስላጣሁ ራሴ ልጠግነው ተነሥቻለሁ። የጀርባው ገበታ በታች በኩል ከጎኑ ተላቆ ወረቀት ያስገባል፤ ሳንቀሳቅሰው ደግሞ በውስጡ አንድ ድቡልቡል እንጨት ይንከባለላል። ክሮቹም ከጣት ሰሌዳው በጣም ስለራቁ ጣቴን ያሳምሙኛል። ክፍተቱን በኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ፣ ደፍኜ ክሮቹን ልወጥራቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ከሁሉ አስቀድመው ክሮቹን ያላሏቸው። ያ የሚንከባለለው እንጨት ከፊትና ከጀርባ ገበታው መካከል ቆሞ ጫናውን የሚሸከም፣ ድምፁንም ወደ ጀርባ የሚያስተላልፍ ምሰሶ ነው። አራቱ የብረት ክሮች ሲቃኙ በድምሩ ከ100 ኪሎ ግራም በሚበልጥ ኃይል ስለሚወጠሩ፣ ምሰሶው ወድቆ ሳለ ቢወጥሯቸው የፊት ገበታው ሊሰምጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ኢፖክሲውን ፈጽሞ እንዳይነኩት። የገበታዎቹ መጋጠሚያ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ኮላ የሚጣበቀው ሆን ተብሎ ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃትና ደረቅ አየር እንጨቱ ሲኮማተር፣ ገበታው ከሚሰነጠቅ ይልቅ ኮላው ቀድሞ ይለቃል። ሐረር ውስጥ የመጣልኝ አንድ ቤዝ መጋጠሚያው በኢፖክሲ ተደፍኖ ነበር፤ ኢፖክሲው አልለቅ ስላለ ከጎኑ ያለው የጀርባ እንጨት አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ እጅግም አሳዘነኝ። እርስዎ የደረቀውን አሮጌ ኮላ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅና በስስ ቢላዋ ያጽዱ። አዲሱን ኮላ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ዕቃውን በሙቅ ውሃ ውስጥ በማስቀመጥ ሳይፈላ ወደ 60 ዲግሪ ያሙቁት፤ ቀብተው በመጠነኛ ኃይል ካሰሩት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት።

ምሰሶውን የሚያቆሙት በጫፉ በታጠፈ የብረት ዘንግ፣ በድምፅ ቀዳዳው በኩል ነው። ቦታው በቀጭኑ ክር በኩል ካለው የብርኩማው (ክሮቹን ከፊት ገበታው በላይ የሚሸከመው እንጨት) እግር ጥቂት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍተት ሳይተዉ በገበታዎቹ ላይ መቀመጣቸውን በትንሽ መስታወትና በባትሪ ያረጋግጡ። ክሮቹ ላልተው ሳለ ሳይወድቅ መቆም፣ ነገር ግን ገበታውን ወደ ላይ አለመግፋት አለበት። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አሥር ጊዜ ቢወድቅብዎ ተስፋ አይቁረጡ።

ብርኩማውም እንደ ክራር ብርኩማ በክሮቹ ጫና ብቻ ስለሚቆም በኮላ አይጣበቅም። የክሮቹን ከፍታ የሚለኩት በጣት ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ለብረት ክር ቀጭኑ 6፣ ወፍራሙ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቁ ጣት አያደክሙም። ከዚያ በላይ ከሆነ የብርኩማውን የላይኛውን ጠርዝ፣ ክብ ቅርጹን አስቀድመው በካርቶን ላይ ገልብጠው፣ በሞረድ ጥቂት በጥቂት ያሳንሱት፤ አብዝተው ከቆረጡት መመለሻ የለውምና ደጋግመው ይለኩ። በክሮቹ መቀመጫ ላይ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ይቀቡ።

ከዚያ በኋላ ክሮቹን በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይወጥሩ። ሲወጠሩ የብርኩማውን አናት ወደ ጣት ሰሌዳው ስለሚስቡት፣ በየጊዜው በሁለት እጅ ይዘው ወደ ቦታው ይመልሱት።